እግርን መለወጥና ልብን መለወጥ

ሰው የታዘዘውን ሁሉ ስለ ፈጸመ ብቻ ተምሯል ይባላልን? አባቱ ሲቈጣ ዝም የሚል፣ መምህሩ ሲያየው መጽሐፍ የሚገልጥ፣ አለቃው ሲመጣ ብዕር የሚያነሣ ሰው በየቦታው ሞልቷል። አባት ከቤት ሲወጣ፣ መምህር ፊቱን ወደ ሰሌዳው ሲመልስ፣ አለቃ ወደ ጉዳዩ ሲሄድ ግን የዚህ ሰው ነገር ይታወቃል። ፈርቶ መሥራትና ተምሮ መሥራት ከሩቅ ሲያዩአቸው መንታ ወንድማማች ይመስላሉ፤ ቀርበው ሲመረምሩአቸው ግን ዝምድና እንኳ የላቸውም። እንግዲህ ሁለቱን የምንለይበት ምልክት ምንድር ነው? ይህን ጥያቄ የሚያነሡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ስለ ልጆች አስተዳደግ ይናገራሉ። እኛ ዛሬ ለምሳሌ የምናቀርበው ፈረስን ነው፤ ከፈረስም ትምህርት ሁሉ አንዱን፣ እርሱም በግልቢያ መካከል መሪ እግርን መለወጥ የተባለውን ጥበብ ነው።

የሸሕዲና የመተማ ወጣት «ቆላ ተቀምጠን ስለ ፈረስ ምን አገባን?» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ የምዕራብ ጎንደር ቆላ ለሰሊጥና ለጥጥ እንጂ ለፈረስ የተመቸ አገር አይደለም። በጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች የሚተላለፈው የፈረስ በሽታ ሙቀትና እርጥበት ባለበት ቦታ ይበረታል፤ ፈረስን ይገድላል፤ አህያ ግን ትችለዋለች። ስለዚህ በቆላ ሸክሙን የሚሸከሙት አህያና ግመል ናቸው፤ ፈረስ የደጋ ልጅ ነው። ሆኖም የፈረስ ስም ከዚህ አፈር አልራቀም። በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ አገር የተወለዱት ካሣ ኃይሉ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ሲባሉ የፈረስ ስማቸው «አባ ታጠቅ» ነበረ። «አባ በዝብዝ» የተባሉት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋራ ሲዋጉ የቈሰሉት በዚሁ በመተማ ነው፤ ከተማዪቱም እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ ትባላለች። አባቶቻችን የአንድን ጀግና ክብር ሊገልጹ ሲፈልጉ በፈረሱ ስም ይጠሩት ነበር። ፈረስ ለባለቤቱ ሁለተኛ ስም እስኪሆን ድረስ በተከበረበት አገር ተወልደን ስለ ፈረስ ትምህርት ብንነጋገር ከቤታችን አልወጣንም።

አስቀድመን ነገሩን እንረዳ። ፈረስ ሲሄድ አካሄዱ ብዙ ዐይነት ነው፤ እርምጃ አለ፤ ሶምሶማ አለ፤ ደንገላሳ አለ፤ ሽምጥ ግልቢያ አለ። በደንገላሳ ጊዜ እግሮቹ በሦስት ምት ያርፋሉ። ፈረሱ በቀኝ እግሩ የሚመራ እንደ ሆነ በመጀመሪያ የኋላ ግራ እግሩ መሬት ይረግጣል፤ ቀጥሎ የኋላ ቀኙና የፊት ግራው አብረው ይረግጣሉ፤ በሦስተኛው ምት የፊት ቀኙ ወደ ፊት ተዘርግቶ ይረግጣል። መሪ እግር የሚባለው ይህ የመጨረሻው ነው። ከዚያ በኋላ ለዐይን ጥቅሻ ያህል ጊዜ አራቱም እግሮች ከመሬት ይነሣሉ፤ ፈረሱ ከነጋላቢው በአየር ላይ ይሆናል። የሰው ዐይን ይህን አጥርቶ ለማየት ስለማይችል የሚሮጥ ፈረስ አራት እግሮቹ ባንድነት ከመሬት ይነሣሉ ወይስ አይነሡም የሚል ክርክር ብዙ ዘመን ቈይቶ ነበር። ክርክሩ የተቈረጠው እ.ኤ.አ. በ1878 ኤድዋርድ ማይብሪጅ የተባለ ሰው በካሊፎርኒያ ብዙ ካሜራዎችን በተርታ አቁሞ የሚጋልብ ፈረስ ፎቶግራፍ ባነሣ ጊዜ ነው።

ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ፈረስ በቀኝ እግሩ፣ ወደ ግራ የሚታጠፍም በግራ እግሩ ቢመራ ሚዛኑ ይጠበቃል። በግራ እየመራ ድንገት ወደ ቀኝ የታጠፈ እንደ ሆነ ግን እግሩ ከእግሩ ሊጋጭበት፣ ሊንገዳገድ፣ ከዚያም አልፎ ሊወድቅ ይችላል። የጉግስ ጨዋታ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም። በጉግስ ሁለት ወገን ይሰለፋል፤ አንዱ ዘንጉን ይዞ ያሳድዳል፤ ሌላው በጋሻው እየመከተ ይሸሻል። የሚሸሸው በድንገት ዞሮ አሳዳጅ ይሆናል። በዚያች ቅጽበት ፈረሱ እግሩን ካልለወጠ የጋላቢው ጉብዝና አያድነውም። ዛሬ ይህን የፈረሰኛነት ባህል በሰፊው ከሚጠብቁት ወገኖች አንዱ በአዊ ያለው የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር ነው። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. እንደ ተመሠረተ ይነገራል፤ አባሎቹ በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ናቸው፤ በየዓመቱም ጥር 23 ቀን፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ በእንጅባራ የፈረስ ትርኢት ያሳያሉ፤ በዐድዋ ከአርበኞች ጋራ የዘመቱትን ፈረሶችም ያስባሉ።

በውጭ አገር ደግሞ ይህን እግር መለወጥ ለብቻው እንደ ቅኔ አድርገው የሚያስተምሩ አሉ። ድሬሳዥ በሚባለው የፈረስ ትርኢት ፈረሱ በዳኞች ፊት በቀጥታ መስመር ላይ እየጋለበ እግሩን ይለዋውጣል። በታላላቆቹ ውድድሮች ዘጠኝ ጊዜ በየሁለት እርምጃው፣ ከዚያም ዐሥራ አምስት ጊዜ በየእርምጃው እንዲለውጥ ይጠየቃል። ይህ ትርኢት ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኦሊምፒክ ውስጥ አለ። ለማያውቀው ሰው ፈረሱ የሚጨፍር ይመስለዋል። ፈረስን እንደዚህ ያለ ነገር ማስተማር እንዴት ይቻላል?

የሚያስደንቀው ነገር ፈረስ ይህን ከሰው አለመማሩ ነው። በመስክ ላይ ከእናቱ ኋላ የሚቦርቅ ውርንጭላ ሲታጠፍ ማንም ሳያዝዘው እግሩን ይለውጣል። ችሎታው ከተፈጥሮው ጋራ ተሰጥቶታል። ሰው የሚጨምርለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህም ሲጠየቅ፣ ሸክም ተሸክሞ፣ ሳይደነግጥ እንዲያደርገው ማስቻል ነው። በመስክ ላይ ሲቦርቅ ብቻውን ነው፤ አሁን ግን በጀርባው ላይ ሰው ተቀምጧል፤ ሚዛኑም የሁለት ሰውነት ሚዛን ሆኗል። እንግዲህ መምህር ማለት በጎደለ ማድጋ ውሃ የሚሞላ ሰው አይደለም፤ በተማሪው ውስጥ ያለውን ችሎታ ፈልጎ አግኝቶ መቼና እንዴት እንዲወጣ የሚያሳይ ነው። ከተማሪው ተፈጥሮ የሌለውን ነገር በግድ እናውጣ ብንል፣ ወይም ያለውን እንደሌለ ቈጥረን ብንሰድበው፣ በሁለቱም መንገድ ድካማችን ከንቱ ይሆናል።

ትምህርቱ በእግር መለወጥ አይጀምርም። ፈረስ እንደ ሰው ሁሉ አንድ ወገን ይቀናዋል፤ አንዱ በግራ መምራት ይወዳል፤ ሌላው በቀኝ። የሰውም ልማድ ይህን ያባብሰዋል። የቀድሞ ተጓዦች እንደ ጻፉት የአገራችን ፈረሰኛ ሰይፉን በቀኝ ጐኑ ስለሚታጠቅ ፈረሱን የሚወጣው በቀኝ በኩል ነበረ፤ የአውሮፓ ፈረሰኛ ግን ሰይፉ በግራ ጐኑ ስለ ሆነ በግራ በኩል ይወጣል። ሁለቱም የየራሳቸውን ልማድ ትክክለኛ መንገድ ይሉታል፤ የሁለቱም ፈረሶች ደግሞ ወዳንድ ወገን ያጋድላሉ። ስለዚህ ብልህ ገሪ አስቀድሞ ፈረሱን በሁለቱም እጅ በክብ እየመራ ደካማውን ወገን ያበረታል። ከዚያም ፈረሱ እየጋለበ ሳለ ወደ እርምጃ አውርዶ በሌላው እግር እንዲነሣ ያለማምደዋል። ሰውነቱ ቀጥ ሲል፣ የኋላ እግሮቹ ከሆዱ በታች ገብተው ክብደቱን መሸከም ሲችሉ፣ ያን ጊዜ ብቻ በግልቢያ መካከል እንዲለውጥ ይጠይቀዋል። ይህ የወራት፣ አንዳንድ ጊዜም የዓመታት ሥራ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው የአባቶች ቃል እዚህ ላይ ምሳሌነቱ ቀርቶ የሥራ መመሪያ ይሆናል።

መጠየቂያዋም ጊዜ አለቻት። አራቱ እግሮች በአየር ላይ ካልሆኑ ፈረሱ ሊለውጥ አይችልም፤ የረገጠ እግር ተይዟል። ነገር ግን አየር ላይ ከወጣ በኋላ ቢጠይቁት ደግሞ አልፎበታል፤ ነገሩን ሰምቶ ሰውነቱን እስኪያዘጋጅ ድረስ መሬት ደርሷል። ስለዚህ ጋላቢው ከዚያች ቅጽበት ጥቂት ቀደም ብሎ ክብደቱን በመጠኑ አዛውሮ፣ እግሩን በፈረሱ ጐን ላይ ለውጦ፣ በእርጋታ ይነግረዋል። ቢቀድም ፈረሱ ግራ ይጋባል፤ ቢዘገይ ይሰናከላል። ስንት ተግሣጽ ያለ ጊዜው እየመጣ ጠፍቷል! ልጅ ካጠፋ በኋላ በንዴት የሚዘንብበት ቃል የረገጠን እግር ለውጥ እንደ ማለት ነው፤ ንዴቱ በርዶ፣ ልጁም ተረጋግቶ፣ ሌላ ፈተና ሊመጣበት ሲል የሚነገረው አንድ ቃል ግን ይሠራል። ምክር እውነት መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ የሚሰማበት ሰዓትም ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ። «ይህ ሁሉ ትዕግሥት ለምን ያስፈልጋል? ፈረስ አለንጋ ያውቃል፤ ልጓሙን አጥብቀህ ብትመታው ይለውጣል» የሚል ሰው አይጠፋም። ክርክሩ ቀላል አይደለም። የአገራችን የቀድሞ ልጓም በመንጋጋ ዙሪያ የሚያልፍ የብረት ቀለበት ያለበት ብርቱ ልጓም ነበረ፤ ፈረሰኛውም እርካቡን በአውራ ጣቱ ቈንጥጦ በዚሁ ልጓም ፈረሱን ባንዴ ያቆም፣ ባንዴም ያዞር ነበር። በእነዚህ ፈረሶች አገር ተጠብቋል። በፍርሃት የተማረ ምንም አያውቅም ብንል ታሪክን መካድ ይሆንብናል።

ነገር ግን አለንጋ ምን እንደሚለውጥና ምን እንደማይለውጥ ለይተን እንመልከት። የፈራ ፈረስ ራሱን ወደ ላይ ያነሣል፤ ጀርባውን ወደ ታች ያሰረጕዳል፤ ሥጋው ይጠነክራል። ጀርባው ወደ ታች ሲሰረጕድ የኋላ እግሮቹ ከሆዱ በታች ሊገቡ አይችሉም። በዚህ ጊዜ እግርህን ለውጥ ብሎ ቢመቱት ይዘላል፤ የፊት እግሩንም ይለውጣል፤ የኋላው ግን በነበረበት ይቀራል። ፊቱ በቀኝ፣ ኋላው በግራ ይሆንና አካሄዱ ይዛነፋል። የፈረስ አዋቂዎች ይህን ትልቅ ጕድለት አድርገው ይቈጥሩታል፤ ምክንያቱም የፈረስ ኀይል የሚመነጨው ከኋላ ነው፤ ጥሩ ለውጥም ከኋላ የሚጀምር ነው። ላልሠለጠነ ዐይን ግን ነገሩ አይታወቅም። ከፊት ለፊት የቆመ ሰው የፊት እግሩ መለወጡን አይቶ ያጨበጭባል።

በመጀመሪያ ለጠየቅነው ጥያቄ መልሱ እዚህ ላይ ተገኘ። ፍርሃት የሚለውጠው ሹሙ የሚያየውን ወገን ነው፤ ትምህርት ግን ኀይል ከሚመነጭበት ከማይታየው ወገን ይጀምራል። አንደበቱ ተለውጦ ልቡ ያልተለወጠ ሰው፣ ልብሱ ተለውጦ ልማዱ ያልተለወጠ ሰው፣ በስብሰባ ላይ ስለ እኩልነት ተናግሮ ወደ ቤቱ ሲገባ ሚስቱንና ሠራተኛውን የሚያንቋሽሽ ሰው፣ እነዚህ ሁሉ በፊት እግራቸው ቀኝ፣ በኋላ እግራቸው ግራ የሚጋልቡ ናቸው። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ሳሉ ማንም አይነቃባቸውም። መንገዱ ሲታጠፍ ግን ይወድቃሉ፤ ከእነርሱም ጋራ በጀርባቸው የተቀመጠው፣ የታመነባቸው ሁሉ ይወድቃል። አንዳንዶችን ለግብዝነት ያበቃቸው ክፋታቸው ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ገና ልጆች ሳሉ ከኋላ ለመለወጥ ጊዜ ሳይሰጣቸው ከፊት እንዲለወጡ የመታቸው አለንጋም ድርሻ አለው።

ከዚህ ላይ ሁለት ምሳሌዎችን እናነጻጽር። የዴንማርክ ተወላጅ ሊስ ሃርቴል እ.ኤ.አ. በ1944 በፖሊዮ በሽታ ተያዘች፤ ከጕልበቷ በታች ያለው አካሏም ሽባ ሆኖ ቀረ። ፈረስ ላይ ለመውጣትና ለመውረድ የሰው ርዳታ ያስፈልጋት ነበር። ሆኖም በ1952 በሄልሲንኪ ኦሊምፒክ፣ ሴቶች በድሬሳዥ ከወንዶች ጋራ እንዲወዳደሩ በተፈቀደበት በመጀመሪያው ጊዜ፣ ጁቢሊ በተባለች ፈረሷ ላይ ሆና የብር ሜዳይ ተሸለመች፤ በ1956ም ደገመችው። በቍርጭምጭሚቷ ልትጐስም የማትችል ሴት በክብደቷና በጀርባዋ ብቻ ከፈረሷ ጋራ ትነጋገር ነበር። በአንጻሩ በ2024 እ.ኤ.አ. ስሟ በዓለም የገነነ የኦሊምፒክ የወርቅ ባለ ሜዳይ ፈረሰኛ በልምምድ ላይ የአንድን ፈረስ እግር በረጅም አለንጋ ደጋግማ ስትመታ የሚያሳይ ፊልም ወጣ፤ እርሷም ከፓሪስ ኦሊምፒክ ራሷን አገለለች፤ በኋላም ለአንድ ዓመት ታገደች። የሁለተኛዋ ጥበብ ከፊተኛዋ ያነሰ አልነበረም። ስለዚህ ጥበብና ደግነት ሁልጊዜ አብረው እንደማይሄዱ እንማር፤ እጅግ የሠለጠነ እጅ እንኳ ትዕግሥት ባለቀበት ሰዓት ወደ አለንጋ ይዘረጋል። አለንጋ የሚነሣው ብዙውን ጊዜ የመምህሩ ዕውቀት ካለቀበት ቦታ ላይ ነው።

«እንግዲያው ልጓም ይቅር ማለት ነውን?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ልጓም የሌለው ፈረስ ለራሱም ለሰውም አደጋ ነው። ነገር ግን ልጓም ወሰን እንዲያሳይ የተሠራ ነው፤ ወሰንን ማሳየትና ማሠቃየት አንድ አይደሉም። ጥሩ ጋላቢ ፈረሱ አንድ ጊዜ በትክክል በለወጠ ጊዜ ዛቡን ያላላለታል፤ አንገቱን ይዳብሰዋል፤ የዚያን ቀን ትምህርትም በዚያው ያበቃል። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ አያደክመውም። ፈረሱም ይህን ያደረግሁት ዕረፍት አመጣልኝ ብሎ ያስታውሳል። ደግሞ ፈረሱ ቸኵሎ ሳይጠየቅ ቢለውጥ አይመታውም፤ ስለ ለወጠ ከተመታ ሲጠየቅም መለወጥን ይፈራልና። ረጋ አድርጎ እንደ ገና ይጀምራል። ቅን ተማሪ የሚሳሳተው አንዳንድ ጊዜ ለመታዘዝ በመጓጓት ነው፤ ይህን ስሕተት ከእንቢተኛነት የማይለይ መምህር ጉጉቱን ይገድለዋል።

ሌላም ከባድ ነገር አለ። ፈረስ ከአፋችን ይልቅ ሰውነታችንን ያነባል። ከመቶ ዓመት በፊት በበርሊን ሃንስ የሚባል ፈረስ ነበረ። ባለቤቱ ፎን ኦስተን የቀድሞ የትምህርት ቤት መምህር ሲሆን ሒሳብ አስተምሬዋለሁ ይል ነበር፤ ፈረሱም ድምር ሲጠየቅ በኮቴው መሬት እየመታ መልሱን ይቈጥር ነበር። ብዙ ሊቃውንት መርምረው ተንኰል አላገኙበትም። በ1907 እ.ኤ.አ. ኦስካር ፕፉንግስት የተባለ ተመራማሪ ግን ጠያቂው ራሱ መልሱን የማያውቅ እንደ ሆነ፣ ወይም ፈረሱ ጠያቂውን ማየት ያልቻለ እንደ ሆነ፣ መልስ እንደማያገኝ ገለጠ። ፈረሱ ይከተል የነበረው ጠያቂው ሳያውቀው በራሱና በፊቱ የሚያሳየውን እጅግ ጥቂት እንቅስቃሴ ነበር። ባለቤቱ አላታለለም፤ ምን እያስተማረ እንደ ሆነ ግን አላወቀም። እኛም እንዲሁ ነን። ልጆቻችን የሚማሩት የምንነግራቸውን ብቻ ሳይሆን ሳናውቀው የምናሳያቸውንም ነው። እጁ እየተንቀጠቀጠ አትፍራ የሚል አባት ፍርሃትን ያስተምራል። ጋላቢው ወደ መሬት ከተመለከተ ፈረሱ ወደ መሬት ያጋድላል፤ ወደሚሄድበት ከተመለከተ ፈረሱም ወደዚያው ይሄዳል።

ደግሞ ይህን ሁሉ ጥበብ ለትርኢት ብቻ ማዋል ከንቱ ውዳሴ አይደለምን? ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል፤ ዛሬ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ወደ ጦርነትም አያደርስም። ለምን እናደክመዋለን? በእኛ አስተያየት ትርኢት በራሱ ኀጢአት አይደለም፤ መመዘኛ ግን ያስፈልገዋል። የሚጠየቀው ነገር ከፈረሱ ተፈጥሮ ጋራ ይስማማልን? ሰውነቱን ያበረታዋል ወይስ ያሰናክለዋል? ዛቡ ላላ ሲል ፈረሱ ይሸሻል ወይስ በሥራው ይቀጥላል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ያለፈ ትርኢት የሁለት ፍጡራን መስማማት የሚታይበት ስለ ሆነ ለተመልካቹም ትምህርት ነው። ያላለፈ ግን ሺህ ሰው ቢያጨበጭብለትም የተጌጠ ግፍ ነው። ፈረስ ለምን ብሎ ሊጠይቀን አይችልም። አፍ የሌለውን የሚያሠራ ሰው ጥያቄውን ራሱ መጠየቅ፣ መልሱንም ራሱ መስጠት ግዴታው ነው። ለምን ብሎ ለመጠየቅ የሚችለውን የሰው ልጅ የሚያስተምር ደግሞ ከዚህ የበለጠ ዕዳ አለበት፤ ተማሪው ሲጠይቅ ዝም ቢያሰኘው ሰውን ከፈረስ በታች አዋለው ማለት ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ ስለ መምህራን ይህን ያህል ከተናገርን ስለ እናንተም ጥቂት እንጨምር፤ እያንዳንዳችሁ ለራሳችሁ ፈረስም ጋላቢም ናችሁና። የሕይወት መንገድ ሲታጠፍ ቆማችሁ ተዘጋጁ አይልም፤ የሚታጠፈው እናንተ በግልቢያ ላይ ሳላችሁ ነው። በመተማ ጦርነት የኢትዮጵያ ጦር ወደ ድል ተቃርቦ ሳለ ንጉሠ ነገሥቱ ቈሰሉ፤ ወሬው በተሰማ ጊዜም ሰልፉ ተፈታ፤ ድሉም ከእጅ ወጣ። ይህን የምንለው እነዚያን ጀግኖች ለመንቀፍ አይደለም፤ ጀግንነት አላነሳቸውም። ነገር ግን ሁሉ ነገር ባንድ መሪ እግር ላይ ሲቆም ያ እግር የተመታ ቀን ምን እንደሚሆን ከእነርሱ እንማራለን። በዘመናችንም በሱዳን ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ብዙ ሕዝብ በመተማ በኩል ወሰን ተሻግሯል። ትናንት በሙያውና በንግዱ ይኖር የነበረ ሰው ባንድ ሌሊት መንገዱ ታጠፈበት። ከደጋ ለሰሊጥ ሥራ ወደ ቆላ የሚወርደውም ወጣት ቋንቋውን፣ ምግቡን፣ የሥራ ሰዓቱን ሁሉ ባንድ ጊዜ መለወጥ አለበት። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰውን የሚያቆመው አስቀድሞ ደካማ ወገኑን ያለማመደ እንደ ሆነ ነው። በእጁ ብቻ የሚሠራ መጽሐፍ ይልመድ፤ በመጽሐፍ ብቻ የሚኖርም በእጁ መሥራትን ይማር፤ ማዘዝ የሚቀናው መታዘዝን፣ መታዘዝ የሚቀናውም እንቢ ማለትን ይለማመድ። ይህ ልምምድ የሚደረገው በጸጥታው ቀን፣ በእርምጃ ጊዜ ነው፤ በሽምጥ ግልቢያ ላይ አዲስ ነገር አይጀመርም።

እግሩን የሚለውጠውን ሁሉ ግን ወላዋይ አትበሉት። ወላዋይ የሚለውጠው አለንጋ ስላየ ወይም ገብስ ስለ ሸተተው ነው፤ መንገዱ ቀጥ ብሎ ሳለም ይለውጣል። አስተዋይ ሰው የሚለውጠው መንገዱ መታጠፉን ስላየ ነው፤ የሚሄድበትም ቦታ ያው የድሮው ነው። የተሳሳተ አሳብ ይዞ ትናንት ብዬዋለሁና ዛሬም እላለሁ የሚል ሰው ጽኑ አይደለም፤ በመታጠፊያው ላይ በግራ እግሩ እየመራ ወደ ቀኝ የሚዞር ፈረስ ነው። ስለዚህ አሳባችሁን ለመለወጥ ምክንያት ባገኛችሁ ጊዜ አትፈሩ። ስትለውጡ ግን ከኋላ ጀምሩ። አስቀድሞ ማንም የማያየው ልማዳችሁ ይለወጥ፤ ቀጥሎ ሥራችሁ ይለወጥ፤ አንደበታችሁ የመጨረሻው ይሁን። ሰዎች የፊት እግራችሁን አይተው ቢያጨበጭቡ አትታለሉ፤ ቢነቅፉአችሁም አትደንግጡ። የተማራችሁ መሆናችሁን የምታውቁት ዛቡ በላላ ጊዜ፣ ተመልካች በሌለበት ሜዳ ላይ፣ በራሳችሁ ፈቃድ በትክክለኛው እግር የመራችሁ እንደ ሆነ ነው።